ፒ53 «ፖዘቲቭ» ከተባለ ፍሬኑ ይዟል ወይስ ተበጥሷል? ስለ ቆዳ ካንሰርና ዕጢ ገቺ ጂኖች

ሰኞ ገበያ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:40)

ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት አመሻችሁ? ቱመር ሰፕረሰር ስለሚባሉት ዕጢ ገቺ ጂኖች ሳነብ ሦስት ነገር አልገጥም አለኝ።

አንደኛ፣ ፒ53 ሴልን የሚጠብቅ ነው፤ ካንሰር ሲመጣ ይጠፋል ይላሉ። ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር የፓቶሎጂ ሪፖርት ላይ ግን «ፒ53 በኃይለኛው ፖዘቲቭ» ተብሎ ይጻፋል። ጠፋ የተባለው እንዴት በዛ?

ሁለተኛ፣ መጽሐፉ ሁሉ ፀሐይን ይከሳል። ጥቁር ቆዳ ላይ ሜላኖማ፣ ከቀለም አምራች ሴሎች የሚነሳው ካንሰር፣ በብዛት የሚወጣው ግን ውስጥ እግር ላይ ነው። ውስጥ እግር ደግሞ ፀሐይ አያየውም።

ሦስተኛ፣ ፒ16 የሚባለው ሌላው ዕጢ ገቺ አንዱ ቦታ ሲጠፋ ክፉ ነው ይባላል፣ ሌላው ቦታ ሲበዛ ክፉ ነው ይባላል። የምታውቁ ከነምክንያቱ ብታፍታቱልን።

ጦሳ ሥር (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:25)

እታለም፣ የመጀመሪያውን እኔ ልያዘው፤ የቀረውን ሌሎቹ ይሙሉበት።

ቲፒ53 የሚባለው ጂን 17ኛው ክሮሞዞም አጭር ክንድ ላይ ነው ያለው። የሚያመርተው ፕሮቲን፣ ፒ53፣ 393 አሚኖ አሲድ አለው። ጤነኛ ሴል ውስጥ ሁልጊዜ ይመረታል፣ ወዲያው ደግሞ ይፈርሳል፤ ዕድሜው በደቂቃ የሚቆጠር ነው። የሚያፈርሰው ኤምዲኤም2 የሚባል ሌላ ፕሮቲን ነው። ኤምዲኤም2 እንዲመረት የሚያዘው ደግሞ ራሱ ፒ53 ነው። ይቺን ያዢያት፣ መልሱ ያለው እዚች ላይ ነው።

አልትራቫዮሌት ቢ የሚባለው የፀሐይ ጨረር ዲኤንኤ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ፒሪሚዲን የሚባሉ ፊደላትን፣ ማለትም ሲና ሲ፣ ቲና ቲ ወይም ሲና ቲ፣ እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ይህ ጉዳት ሲታወቅ ፒ53 ከኤምዲኤም2 ይላቀቅና ይከማቻል። ፒ21ን ያስነሳል፤ ፒ21 የሴሉን መከፋፈል ያቆምና ለጥገና ጊዜ ይሰጣል። ጉዳቱ ከጥገና ካለፈ ባክስና ፑማ የሚባሉትን ጠርቶ ሴሉን ይገድለዋል። ቆዳችን ፀሐይ ላይ ሲጠቁርም ትእዛዙ የሚነሳው ከፒ53 ነው፦ በላይኛው ቆዳ ሴሎች ውስጥ ፖምሲ የሚባለውን ጂን ያነቃል፣ ከሱ የሚወጣው ሆርሞን ሜላኖሳይቶቹን ቀለም አምርቱ ይላቸዋል።

ጥገናው ሳይደርስ ሴሉ ከተከፈለ ሲ የነበረው ፊደል ቲ ሆኖ ይገለበጣል። ሁለት ሲ ባንዴ ሁለት ቲ ሲሆኑ ደግሞ የአልትራቫዮሌት የእጅ ጽሕፈት ነው። በ1991 የቆዳ ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ ቲፒ53 ሲነበብ የተገኘው ይኸው ጽሕፈት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ከሚውቴሽኖቹ፣ ማለትም ከጂኑ የፊደል ለውጦች፣ ብዙዎቹ አንድ አሚኖ አሲድ ብቻ የሚለውጡ ናቸው። ፕሮቲኑ ይመረታል፣ ቅርጹም አለ፣ ግን ዲኤንኤውን መጨበጥ ያቅተዋል። መጨበጥ ካቃተው ኤምዲኤም2ን አያስመርትም። ኤምዲኤም2 ካነሰ የሚያፈርሰው የለም፣ ስለዚህ ኒውክለሱ ውስጥ ይከመራል። ስቴይኑ፣ ማለትም ፕሮቲኑ ያለበትን ቡናማ የሚያደርገው ማቅለሚያ፣ የሚያየው ይህን ክምር ነው። ያየሽው «ፖዘቲቭ» ፕሮቲኑ መኖሩን ነው የሚናገረው፤ መሥራቱን አይናገርም።

በዚህ የተሸወዱት ትልልቆቹ ሳይንቲስቶች ጭምር ናቸው። ፒ53 በ1979 ሲገኝ ካንሰር ውስጥ ስለበዛ ካንሰር አምጪ ጂን ነው ተባለ። ሲፈተሽ የነበረው የተበላሸው ቅጂ መሆኑ ታውቆ ዕጢ ገቺ ነው የተባለው በ1989 ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ተገልብጦ ተነበበ።

ቦርከና ማዶ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4:05)

ጦሳ ሥር በደንብ አስቀምጦታል። ከሥሩ አንድ ነገር ልጨምር፣ ፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ናት።

ዕጢ ገቺ ጂን ሁለት ቅጂ አለው፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። ሐረጎን ቁልቁል የሚወርድ ከባድ መኪና የእግር ፍሬኑ ቢበጠስ የእጅ ፍሬኑ ይይዘዋል፤ ሁለቱም ሲሄዱ ነው ገደል የሚገባው። ይህን በ1971 ክኑድሰን በሕፃናት የዓይን ካንሰር ላይ አሳየ። ጂኑም በኋላ አርቢ ተባለ፣ 13ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው።

ፒ53 ላይ ግን ይህ ሕግ ሙሉ በሙሉ አይሠራም። ፒ53 የሚሠራው አራት ሆኖ ተያይዞ ነው። አንዱ ቅጂ ጤነኛ፣ አንዱ የተበላሸ ሆነው እኩል ቢያመርቱ፣ አራቱም ጤነኛ የሆኑበት ጥምረት ከ16 አንድ ብቻ ነው፤ ግማሽን አራት ጊዜ በራሱ ማባዛት ነው። በዚያ ላይ የተበላሸው ስለማይፈርስ በቁጥር ጤነኛውን ይበልጠዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ብልሽት ብቻውን ከግማሽ በላይ ጉዳት ያደርሳል። ሁለተኛው ቅጂ ቆይቶ፣ ብዙውን ጊዜ የክሮሞዞሙ ቁራጭ ተቆርጦ ሲወድቅ፣ ይጠፋል።

ቅደም ተከተሉም ከካንሰር ካንሰር ይለያያል። በስኳመስ ሴል ካርሲኖማ ቲፒ53 ገና ከመነሻው ነው የሚሄደው፤ ካንሰር ያልሆነው ፀሐይ ያሻከረው ቆዳ ላይ እንኳ ይገኛል። በቤዛል ሴል ካርሲኖማ መጀመሪያ የሚበጠሰው ብዙውን ጊዜ ፒቲሲኤች1 ነው፣ 9ኛው ክሮሞዞም ረጅም ክንድ ላይ ያለው። በሜላኖማ ደግሞ መጀመሪያ የሚነካው ፍሬኑ ሳይሆን ነዳጁ፣ ሴሉን እንዲከፋፈል የሚገፋው ጂን፣ ነው፤ ለምሳሌ ብራፍ። ፍሬኖቹ፣ ሲዲኬኤን2ኤ፣ ፒቴን፣ ቲፒ53፣ ዕጢው ወደ ጥልቀት ሲገባ ነው የሚለቁት። ሦስቱንም «የቆዳ ካንሰር» ብሎ አንድ ሥዕል ላይ ማስቀመጥ ለዚህ ነው ስህተት የሚሆነው።

ሰኞ ገበያ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4:20)

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ ከ16 አንዷ ገብታኛለች። እንግዲያው ስቴይኑ ጭራሽ ባዶ ከሆነ ፒ53 ጤነኛ ነው ማለት ይቻላል?

የስላይድ ሰው (ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1:30)

አይቻልም እህቴ። እዚች ላይ ነው ሪፖርት የሚበላሸው።

ፒ53 ስቴይን «ፖዘቲቭ» እና «ኔጋቲቭ» ተብሎ መጻፍ የለበትም። ጤነኛ ፒ53 ያለው ቲሹ የተዘበራረቀ ነው የሚታየው፦ እዚህ አንድ ኒውክለስ ደመቅ፣ እዚያ አንዱ ፈዘዝ፣ ሌላው ባዶ፤ በተለይ ከታችኛው የሴል ረድፍ አካባቢ። የተበላሸው ሁለት መልክ አለው። አንዱ ጦሳ ሥር የነገረሽ ነው፣ የዕጢው ኒውክለሶች በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ጥቁር ቡናማ ሆነው። ሁለተኛው ጭራሽ ባዶ ነው። ሚውቴሽኑ ፕሮቲኑን መሐል ላይ ቆርጦ ካስቀረው የሚከመር ነገር አይኖርም፣ የዕጢው ሴሎች ነጭ ሆነው ይቀራሉ። ይህም ብልሽት ነው።

እንግዲህ «ባዶ» ሁለት ትርጉም አለው፦ ወይ ጂኑ ተቆርጧል፣ ወይ ስቴይኑ አልሠራም። መለያው በዚያው ስላይድ ላይ ነው። በዕጢው መሐል ያሉትን ሊምፎሳይቶች (ነጭ የደም ሴሎች) እና የደም ሥር ግድግዳ ሴሎች ተመልከቺ። እነሱ ላይ እዚህም እዚያም ፈዘዝ ያለ ቡናማ ካለ ስቴይኑ ሠርቷል፣ ዕጢው በእርግጥ ባዶ ነው። እነሱም ነጭ ከሆኑ ስላይዱን ጣይው፣ ድገሚው። ከጎን የቶንሲል ቁራጭ ለቁጥጥር ማቅለም ጥሩ ነው።

ደሴ ላይ ለሚሠራ ሰው ደግሞ አንድ ልዩ ጣጣ አለ። ቲሹው እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ፎርማሊን ያሰረውን ፕሮቲን ለመፍታት ስላይዱ በቋት ፈሳሽ ይቀቀላል፤ መመሪያው ከ95 እስከ 98 ዲግሪ፣ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ይላል። መመሪያውን የጻፉት ባሕር ጠለል ላይ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ክዳኑ በላላ ዕቃ ከዚያ በላይ አይወጣም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናት፣ እዚያም 94 ነው። ባቄላ ደሴ ላይ ለመብሰል የሚዘገየው በዚሁ ምክንያት ነው። ማሽኑ «98» ብሎ ቢያሳይ እንኳ እየፈላ ያለው ፈሳሽ ውስጥ ቴርሞሜትር አስገብተሽ እዪ።

መፍትሔው ግፊት ነው፦ ፕሬሸር ኩከር፣ ፒኤች 9 ቋት፣ ግፊቱ ከሞላ በኋላ 3 ደቂቃ ተነሺ፣ በቶንሲሉ እያየሽ አስተካክይ። ክፍት ዕቃ ብቻ ካለ ደቂቃውን አስረዝሚ። ስላይዱ የሚያጣብቅ ቅብ ያለው ይሁን፣ ቀድሞም 60 ዲግሪ ላይ 1 ሰዓት ይድረቅ፤ አለዚያ ቲሹው ተነቅሎ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ሲጨርስ በቀዝቃዛ ውሃ አታስደንግጭው፣ በራሱ 20 ደቂቃ ይቀዝቅዝ።

ገራዶ (ዓርብ፣ ከቀኑ 6:50)

ሁለተኛውን ጥያቄ ልውሰድ፤ ለአካባቢያችን ከሁሉ የሚቀርበው እሱ ነው።

ውስጥ እግር፣ መዳፍና ጥፍር ሥር የሚወጣው ሜላኖማ አክራል ይባላል። ዲኤንኤው ሲነበብ የአልትራቫዮሌት የእጅ ጽሕፈት ጥቂት ነው ወይም የለም። በምትኩ የሚታየው የክሮሞዞም ስብራት ነው፦ የጂን ቁራጭ ይባዛል፣ ሌላው ተቆርጦ ይጠፋል። ከሚጠፉት አንዱ ሲዲኬኤን2ኤ ነው፤ ከሚባዙት መከፋፈልን የሚገፉት ሲሲኤንዲ1 እና ሲዲኬ4 አሉ፣ ኪት የሚባለው ጂን ላይም ሚውቴሽን ይገኛል። ፍሬኑ በፀሐይ ሳይነካ በሌላ መንገድ ነው የተበጠሰው። ስለዚህ «ጥቁር ቆዳ ስላለን ሜላኖማ አይነካንም» የሚለው አባባል ሰው ያስገድላል። ሜላኒን ከፀሐይ ይከላከላል፤ ከክሮሞዞም ስብራት ግን አያስጥልም።

ሌላው የጠባሳና የሥር ሰደድ ቁስል ካንሰር ነው። ማርዦሊን በ1828 ስለገለጸው በስሙ ይጠራል። የእሳት ቃጠሎ ጠባሳ፣ ዓመታት የቆየ የእግር ቁስል፣ የሥጋ ደዌ ስሜት ያሳጣው ውስጥ እግር፤ መነሻው ይህ ነው። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለረጅም ጊዜ የሥጋ ደዌና የቆዳ ሕሙማንን ሲያክም የኖረ ስለሆነ ወሎ ውስጥ ያለ የጤና ባለሙያ ይህን ነገር ከማንም በላይ ቢያውቀው ተገቢ ነው። ከቃጠሎው እስከ ካንሰሩ በአማካይ 30 ዓመት ገደማ ይፈጃል።

እንዴት ይሆናል? ቁስሉ በማይድንበት ጠርዝ ላይ ሴሎች ያለ ዕረፍት ይከፋፈላሉ፤ እብጠቱ የሚለቀው ኦክሲጅን ነክ መርዝ ዲኤንኤ ይጎዳል። በእያንዳንዱ ክፍፍል ፒ53 የሚሠራ ሴል ሲቆም፣ ፒ53 የተበላሸበት ደግሞ ሳይቆም ቦታውን ይወርሳል። ጠባሳው የሊምፍ ሥሮቹ ስለተደፈኑ የሰውነት መከላከያም በደንብ አይደርስበትም።

ናሙና አወሳሰዱ ላይ ነው ትልቁ ስህተት። ከቁስሉ መሐል የሚወሰደው የሞተ ሥጋ ነው፤ ሪፖርቱ «እብጠት ብቻ» ብሎ ይመለሳል፣ ሰውየውም ካንሰር የለህም ተብሎ ይሸኛል። መወሰድ ያለበት ካበጠውና ከተገለበጠው ጠርዝ ነው፣ ቢያንስ ከአራት አቅጣጫ፣ ጤነኛውን ቆዳ ነካ አድርጎ፣ ከሥሩ ያለው ስብ እስኪታይ ጠለቅ ተደርጎ። 3 ወር ታክሞ ያልዳነ ቁስል፣ ወይም ድሮ የነበረ ሆኖ አሁን መሽተት፣ መድማት፣ እንደ አበባ ጎመን ማበጥ የጀመረ፣ ሳይውል ሳያድር ናሙና ይወሰድለት። የሚያቃጥል ቅጠል መለጠፍ ላዩን ያደርቀዋል፣ ሥሩ ግን ወደ አጥንት ይቀጥላል።

የስላይድ ሰው (ዓርብ፣ ከቀኑ 7:30)

ገራዶ ልክ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ የቆየ ቁስል ጠርዝ ካንሰር ሳይሆንም ካንሰር መስሎ ወደ ታች ሊያድግ ይችላል። እዚህ ላይ ፒ53 ትንሽ ይረዳል። በሐሰተኛው እድገት ቡናማው ከታችኛው ረድፍ ብዙ አይወጣም፣ በካንሰሩ ላይ ሁሉን ይሞላል። ግን በሱ ብቻ እግር እንዲቆረጥ አይወሰንም።

ቦርከና ማዶ (ዓርብ፣ ከምሽቱ 1:15)

ፒ16ን እኔ ልጨርሰው።

9ኛው ክሮሞዞም አጭር ክንድ ላይ ያለው ሲዲኬኤን2ኤ አንድ ጂን ሆኖ ሁለት የተለያዩ ፕሮቲኖች ይወጡታል፤ ያንኑ ጽሑፍ ከተለያየ ፊደል ጀምሮ እንደማንበብ ነው። አንዱ ፒ16 ነው፣ ሲዲኬ4ን ይዞ አርቢ ሥራው ላይ እንዲቆይ ያደርጋል። ሌላው ፒ14 አርፍ ነው፣ ኤምዲኤም2ን ይዞ ፒ53ን ያድናል። ይህ ጂን ሲቆረጥ የአርቢና የፒ53 ፍሬን ባንዴ ይለቃሉ። ብዙ ሜላኖማ ውስጥ ቲፒ53 ራሱ ሳይነካ የሚገኘውም በከፊል በዚህ ነው፤ ጠባቂው ከተወሰደ እሱን መስበር አያስፈልግም።

ማርያም የሳመችው የምንለው ዓይነት ጥቁር ነጥብ ብዙ ጊዜ ብራፍ ሚውቴሽን እያለበት ለዓመታት ባለበት ይቆማል፤ ካቆሙት አንዱ ፒ16 ነው። እዚያ ላይ ስቴይኑ ዥንጉርጉር ሆኖ ይታያል። ወደ ሜላኖማ ሲያልፍና ጠልቆ ሲገባ ፒ16 ይጠፋል። መጥፋቱ ክፉ የሚሆነው እዚህ ነው።

መብዛቱ ክፉ የሚሆነው ደግሞ ኤችፒቪ በሚባለው ቫይረስ ነው። የብልት አካባቢና የጥፍር ዙሪያ ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ ላይ የቫይረሱ ኢ7 ፕሮቲን አርቢን ይይዘዋል፣ ኢ6 ደግሞ ፒ53ን ያስፈርሳል። አርቢ ሲያዝ ሴሉ ፍሬን ያጣ መስሎት ፒ16ን ያለ ልክ ያመርታል፤ ግን ፒ16 የሚሠራው በአርቢ በኩል ስለሆነ ከንቱ ልፋት ነው። ስላይዱ ላይ ከጫፍ ጫፍ የጠቆረ ግድግዳ ይመስላል። ካፖሲ ሳርኮማ በሚባለው ካንሰርም ኤችኤችቪ8 የተባለው ቫይረስ ላና የሚባለው ፕሮቲኑ ፒ53ንና አርቢን ይይዛቸዋል። ሦስቱም ላይ ጂኑ ቢነበብ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ፍሬኑ ሳይበጠስ ተይዟል።

ስለዚህ ስቴይን ስታዪ መጀመሪያ የትኛው የሰውነት ክፍል፣ የትኛው ዕጢ ብለሽ ጠይቂ።

አዝዋ ገደል (ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3:10)

ሰላም፣ የሕክምና ሰው አይደለሁም፣ በማንበብ ብቻ ተከታተልኳችሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። የተበጠሰውን ፍሬን የሚቀጥል መድኃኒት አለ? ደግሞስ በዘር ይተላለፋል?

ጦሳ ሥር (ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4:00)

ወንድማለም፣ ለቆዳ ካንሰር የተበላሸ ፒ53ን የሚጠግን በመደበኛ ሕክምና የገባ መድኃኒት የለም። የሚቻለው ፍሬኑ ሲለቅ የሚሮጠውን ማስቆም ነው። ፒቲሲኤች1 ሲጠፋ ስሙዝንድ የሚባለው ፕሮቲን ያለ ልጓም ይሮጣል፤ በ2012 አሜሪካ ውስጥ የጸደቀው ቪስሞዴጊብ እሱን ይይዛል፣ በቀዶ ሕክምና ለማይያዝ ቤዛል ሴል ካርሲኖማ። ፅንስን ክፉኛ ስለሚጎዳ ነፍሰ ጡር አትወስደውም። ለአብዛኛው ሰው ግን ፈውሱ በጊዜ ቆርጦ ማውጣት ነው፦ አደጋው ዝቅተኛ ለሆነ ስኳመስ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ጤነኛ ቆዳ ጨምሮ፣ ለቤዛል 4፣ ውፍረቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ለበለጠ ሜላኖማ 2 ሴንቲ ሜትር።

በዘር የሚመጣው ጥቂቱ ነው። ዜሮደርማ ፒግመንቶዘም ያለበት ልጅ በአልትራቫዮሌት የተጣበቀውን ዲኤንኤ የሚቆርጠው የጥገና ቡድን ከሁለቱም ወላጆች ተበላሽቶ ይወርሰዋል። ምልክቱ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ፊቱ ላይ የሚበተን ነጠብጣብና ብርሃን የሚሸሽ ዓይን ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ካያችሁ ለባለሙያ አሳዩት፣ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ብቻ አይበቃውም፤ የመስኮት መስታወትም አልትራቫዮሌት ኤ የሚባለውን ጨረር ያሳልፋል።

ደሴ ስለቀዘቀዘች ፀሐይዋ የለችም የሚል ካለ ደግሞ፣ አልትራቫዮሌት በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጥላ ፍለጋ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የወጣ ሰው ሙቀቱን አመለጠ እንጂ ጨረሩን አላመለጠም፣ እንዲያውም 6፣ 7 በመቶ ጨመረ። ስስ ደመናም ብዙውን ያሳልፋል። አልቢኒዝም ላለባቸው ልጆች ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሰኞ ገበያ (ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4:35)

የመጨረሻ ጥያቄ። ናሙናው ጂኑ እንዲነበብ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ ምን ላይ እንጠንቀቅ?

ገራዶ (ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8:20)

ፎርማሊኑ ላይ። 1 ሊትር ለማዘጋጀት፦ 100 ሚሊ ሊትር ከዋናው የ37 በመቶ ፎርማልዴሃይድ፣ 900 የተጣራ ውሃ፣ 4 ግራም ሞኖቤዚክ ሶዲየም ፎስፌት፣ 6.5 ግራም ዳይቤዚክ። ሁለቱ ጨዎች ካልገቡ ፈሳሹ እየቆየ ይኮመጥጣል፣ ዲኤንኤውን ይቆራርጠዋል፣ ስላይዱ ላይም ጥቁር ቡናማ ብናኝ ይተዋል፤ ያ ብናኝ ሜላኒን ተብሎ ሲነበብ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። ፈሳሹ ከቲሹው 10 እጥፍ ይሁን። ፎርማሊን በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚገባው፤ ወፍራም ቁራጭ ሳይቆራረጥ ከገባ መሐሉ ይበሰብሳል።

በሃይላንድ ጠርሙስ አትላኩ። ለስላሳ ሆኖ በጠባቡ አፍ የገባ ቲሹ ሲጠነክር አይወጣም፣ ሲጎትቱት ይቀዳደዳል። ስምና ቁጥር ዕቃው ላይ ይጻፍ፣ ክዳኑ ላይ አይደለም፤ ክዳን ይቀያየራል።

ከ24 እስከ 48 ሰዓት በቂ ነው፣ ከ72 አይለፍ። ጊዜው ለምን እንደሚያሳስብ ላሳይሽ። ፎርማሊን ራሱ ሲን ወደ ዩ ይለውጣል፣ ማሽኑ ዩን ቲ ብሎ ያነበዋል። ከላይ ጦሳ ሥር የአልትራቫዮሌት ጽሕፈት ያለው ከሲ ወደ ቲ ነበር። ስለዚህ ሳምንት ፎርማሊን ውስጥ የተረሳ የውስጥ እግር ሜላኖማ የፀሐይ ካንሰር መስሎ ሊነበብ ይችላል። መለያው፦ የፎርማሊኑ ነጠላ ሲ ላይ የትም ይረጫል፣ በጥቂት ቅጂዎች ብቻ ይታያል፤ የፀሐይዋ ከሌላ ፒሪሚዲን ጎን ያለ ሲ ትመርጣለች፣ ሁለት ሲ ወደ ሁለት ቲ ታደርጋለች። ቤተ ሙከራው ዩን የሚቆርጠውን ዩዲጂ ኢንዛይም ቀድሞ ቢጠቀም አብዛኛው ይጸዳል።

ከፈሳሹ ይልቅ ፓራፊን ብሎክ፣ ማለትም ቲሹው በሰም ውስጥ የተቀበረበትን ቁራጭ፣ መላክ ይሻላል፣ 400 ኪሎ ሜትር አውቶቡስ ላይ አይፈስም፣ ሙቀት ያለበት ቦታ ግን አይቀመጥ። የጥያቄ ወረቀቱ ላይ ደግሞ «የእግር ቁስል» ብቻ አትጻፊ። የትኛው እግር፣ ተረከዝ ወይስ ጣት ሥር፣ ቁስሉ ስንት ዓመቱ፣ መነሻው ቃጠሎ ነው ሥጋ ደዌ፣ ናሙናው ከጠርዝ ነው ከመሐል፣ ፎርማሊን ውስጥ የገባበት ቀንና ሰዓት።